የዱላ መጋጠሚያና የእጅ ምስክርነት

(በሬዲዮ የተነገረ)

ይህ ንግግር አስቀድሞ በሬዲዮ የተሰማ ነው፤ በዚያች ሰዓት በሥራም ሆነ በመንገድ ምክንያት ሳትሰሙት ለቀራችሁ ደግሞ እነሆ በጽሑፍ ቀርቦላችኋል። ርእሱ በመጀመሪያ ሲታይ እጅግ ትንሽ ነገር ነው። በፑል መጫወቻ ዱላ ወገብ ላይ ስላለችው መጋጠሚያ፥ ይኸውም ሁለቱ የዱላው ክፍሎች በብሎን ተያይዘው አንድ ስለሚሆኑባት ስፍራ እናገራለሁ። «ቀኑን ሙሉ በቢሮ የዋለ ሰው ይህን ሰምቶ ምን ሊጠቀም ነው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም ራሴ በዚህች ጋት በማትሞላ ስፍራ ምክንያት አንድ ንጹሕ ሰው በሰው ፊት የወነጀልሁ ባልሆን ኖሮ፥ ነገሩን ለመናገር ባልተነሣሁም ነበር።

አስቀድመን ዱላውን እንወቀው። የፑል ዱላ እንደ ተለመደው 147 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ክብደቱም ከ510 እስከ 600 ግራም ይደርሳል። በቀጭኑ ጫፍ ላይ ከ12 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቆዳ ተለጥፎበታል። ይህን የቆዳ ጫፍ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በሥራ በማዋል ስሙ የሚጠራው ፍራንሷ ሜንጎ የተባለ የፈረንሳይ መኮንን ነው። ከዚያ ወዲህ ተጫዋቹ ኳሱን በመካከሉ ብቻ ሳይሆን በላዩም፥ በታቹም፥ በጐኑም እየመታ እንደ ፈቀደ ሊያሽከረክረው ቻለ።

በየከተማው የፑል ቤት ግድግዳ ተደግፈው የምናያቸው ዱላዎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወጥ እንጨት ናቸው። ነገር ግን የራሱን ዱላ ይዞ ለሚንቀሳቀስ ሰው አንድ ሜትር ተኩል የሚጠጋ እንጨት በታክሲም በአውቶቡስም ይዞ መሄድ ስለማይመች፥ ሠሪዎች ዱላውን ከሁለት ከፍለው በመካከሉ መጋጠሚያ አበጁለት። የኋላው ክፍል ወፍራምና ከባድ ነው፤ የፊተኛው ክፍል ግን ቀጭን ሲሆን ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ሜፕል ከሚባለው ጠንካራ የሰሜን አሜሪካ እንጨት ነው። በአንደኛው ክፍል ራስ ላይ ብሎን ይቆማል፤ በሁለተኛው ክፍል ራስ ላይ ደግሞ ያን ብሎን የሚቀበል ጥርስ ያለው ቀዳዳ ይገኛል። የመጋጠሚያ ሠሪ ምኞት ሁሉ አንድ ነው፤ ይኸውም ሁለቱ እንጨቶች ከተጋጠሙ በኋላ የተጫዋቹ እጅ ሁለት መሆናቸውን እንዲረሳ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመንግሥት ሥራ ወደ ባሌ ተልኬ፥ አንዳንድ ወራት በጎባ ተቀምጬ ነበር። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቈረቈረች ቀዝቃዛ ከተማ ናት፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ሮቤ ደግሞ በስንዴ እርሻ በተከበበ ሜዳ ላይ ተዘርግታለች። በዚያ አገር ቀኑ በሥራ ካለፈ በኋላ ምሽቱ ረዥም ነው፤ ብርዱም ሰውን ወደ ቤት ውስጥ ይሰበስባል። ስለዚህ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሆነን ራት ከበላን በኋላ ወደ አንዲት የፑል ቤት ብቅ ማለትን ልማድ አደረግን።

እኔ ሁለት ክፍል የሆነ ዱላ ነበረኝ። ወደ ውጭ አገር የሄደ አንድ ወዳጄ ሲለየኝ ለመታሰቢያ የሰጠኝ ስለ ነበረ፥ ከዋጋው ይልቅ ፍቅሩ ይበልጥብኝ ነበር። ኳስ ስመታበት ድምፁ ጥርት ያለ፥ በእጄም ላይ የሚሰማኝ ነገር የተሰበሰበና አንድ ዐይነት ነበረ። በፑል ቤቱ ገበታውን የሚጠብቅ፥ ኳሱን የሚደረድር፥ ሒሳቡንም የሚሰበስብ አንድ ወጣት ነበር። ቀን የማታ ትምህርቱን ያጠናል፤ ማታ ከትምህርት ቤት ሲወጣ እስከ መዝጊያው ሰዓት ድረስ ይሠራል። ገና በሁለተኛው ቀን፥ «ጋሼ፥ ዱላዎን ይዘው ከሚመላለሱ እኔ ዘንድ ይደር፤ ልያዝልዎ» አለኝና በጓዳው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጥልኝ ጀመር።

በዚህ መካከል ለሦስት ሳምንት ያህል ወደ ደሎ መና እንድወርድ ታዘዝሁ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከጎባ ተነሥቶ ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በዚያ አምባ ላይ፥ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱሉ ዲምቱን በቅርብ እያዩ ይሄዳሉ። በበጋ ሌሊት ውርጭ የሚጥልበት፥ ቀን ደግሞ ፀሐይ ፊትን የሚያቃጥልበት ስፍራ ነው። ከዚያም መንገዱ በድንገት ቁልቁል ይወርድና ጭጋግ ወደ ለበሰው ወደ ሃረና ደን ይገባል፤ ሪራን ያልፋል፤ ዛፉ እየረዘመ፥ አየሩም እየሞቀ ሄዶ በመጨረሻ ከ1,500 ሜትር በታች ወደሆነው ወደ ሞቃቱ ደሎ መና ይደርሳል። በአንድ ቀን ጕዞ ውርጭና ጭጋግ፥ እርጥበትና ሐሩር ይፈራረቃሉ። ዱላዬንም ይዤ ሄጄ ነበር። በዚያ ግን ገበታ ስላላገኘሁ፥ ሦስቱን ሳምንት ከመኪናው መቀመጫ ኋላ ተጋድሞ ሐሩር ሲመታው ሰነበተ። ይባስ ብሎም የመጋጠሚያውን ሁለት ክዳኖች ጎባ ረስቻቸው ነበርና ራሱ እንደ ተገለጠ ነው የሰነበተው።

ወደ ጎባ የተመለስሁት ዝናቡ በጀመረበት ሰሞን ነው። ዱላውን እንደ ልማዴ ለወጣቱ ሰጠሁትና ከአራት ቀን በኋላ ለጨዋታ ሄድሁ። የመጀመሪያውን ኳስ ስመታ እጄ ደነገጠ። ድምፁ የተሰነጠቀ ሸክላ እንደ መምታት ያለ ሆነ፤ በመዳፌም ውስጥ አንዳች የሚንዘረዘር ነገር ተሰማኝ። ደግሜ ብመታም ያው ነው። ዱላው የእኔ ዱላ አልመስልህ አለኝ። ያን ጊዜ በልቤ፥ «ይህ ልጅ እኔ በሌለሁበት ዱላዬን ለሌላ ተጫዋች እያከራየ አበላሽቶታል፤ ወይም የፊተኛውን ክፍል ለውጦታል» ብዬ ፈረድሁ። ፈርጄም ዝም አላልሁም። ሰው በተሰበሰበበት ተናገርሁት። ወጣቱም ቀስ ብሎ፥ «ጋሼ፥ እርስዎ ከሰጡኝ ጀምሮ ከሣጥኑ አላወጣሁትም» አለ። እኔ ግን አላመንሁትም። የቤቱም ባለቤት፥ ደንበኛ የተቈጣ እንደ ሆነ ሥራው ይጐዳብኛል ብሎ ነው መሰለኝ፥ ልጁን «ነገ እንዳትመጣ» አለው።

በማግሥቱ የበደሉን ማስረጃ ይዤ ለመቅረብ ዱላውን ወደ ሮቤ ወሰድሁት። በዚያ ቶርኖ የሚያንቀሳቅሱ፥ በእንጨትም በብረትም ሥራ የተመሰገኑ አንድ ሽማግሌ እንዳሉ ተነግሮኝ ነበር። «አባቴ፥ ይህ ዱላ ተለውጦብኛል ወይም ተሰብሮብኛል፤ ይመልከቱልኝ» አልኋቸው። እርሳቸውም ሁለቱን ክፍሎች ፈትተው፥ አንዱን በአንዱ እጅ፥ ሌላውን በሌላው እጅ ይዘው ዝም ብለው መዘኑዋቸው። ከዚያም በየተራ በጠፍጣፋ መስተዋት ላይ አንከባለሉዋቸው፤ ሁለቱም ሳይዘሉ ቀጥ ብለው ተንከባለሉ። ገጥመው ቢያንከባልሉት ግን ወገቡ ላይ ከፍ ዝቅ አለ። ፈገግ አሉና፥ «ልጄ፥ እንጨቱ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ጋብቻው ነው» አሉኝ።

ቀጥሎም ያደረጉትን በጥንቃቄ ተመለከትሁ። ከሲጋራ ወረቀት አራት ቀጫጭን ቅዳጆች ቀደዱ። በመጋጠሚያው ክብ ዙሪያ በአራቱ ማዕዘን አንድ አንድ አስቀመጡና ዱላውን አጥብቀው ገጠሙት። ከዚያ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሳቡዋቸው። ሁለቱ ተነክሰው ተቀደዱ፤ ሁለቱ ግን ያለ አንዳች ችግር ሾልከው ወጡ። ይህም ማለት ሁለቱ ፊቶች በአንዳንድ ስፍራ ብቻ ሲነካኩ፥ በሌላው ስፍራ ዓይን የማያየው ክፍተት ነበረባቸው ማለት ነው። መጋጠሚያው ተፈትቶ በመነጽር ሲታይም ምክንያቱ ተገኘ። በብሎኑ ሥር የደረቀ የአሮጌ ሰም ፍርፋሪ ከመንገድ አቧራ ጋር ተጣብቆ ነበር። ከዚህም በላይ ክዳን ሳይኖረው በሐሩር ደርቆ በዝናብ ወራት ሲመለስ፥ የፊተኛው ክፍል ቀዳዳ ከንፈሩ በእርጥበት አብጦ ከፍ ብሎ ነበር። ልጁ ምንም አላደረገም። ዱላውን ያበላሸሁት እኔ ነበርሁ።

ክቡራን አንባብያን፤ እዚህ ላይ ታሪኩን ጥቂት አቁመን፥ ያች ትንሽ ክፍተት ያን ያህል ስሜት ስለ ምን እንደ ለወጠች እንመርምር።

ዱላ ኳስን ሲመታ የቆዳው ጫፍና ኳሱ ተነካክተው የሚቆዩት ለአንድ ወይም ለሁለት ሺሕኛ ሰከንድ ብቻ ነው። የምቱ ንዝረት ግን በእንጨቱ ውስጥ እንደ መልእክተኛ ይሮጣል። በጠንካራ እንጨት ውስጥ፥ በጭረቱ አቅጣጫ፥ ፍጥነቱ በሰከንድ 4,000 ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ድምፅ በአየር ውስጥ ከሚሄድበት ፍጥነት ከአሥር እጥፍ ይበልጣል። መልእክተኛው መጋጠሚያው ላይ ሲደርስ ሁለቱ ፊቶች በመላ ክባቸው ተገናኝተው ያገኛቸው እንደ ሆነ ሳይደናቀፍ ይሻገራል። ክፍተት ያገኘ እንደ ሆነ ግን ከፊሉ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከፊሉም ሁለቱን ፊቶች እርስ በርሳቸው እያማታና እያፋተገ እዚያው ይባክናል። በመዳፌ የተሰማኝ መንዘርዘር፥ በጆሮዬም የገባው የተሰነጠቀ ሸክላ ድምፅ ይኸው ነበረ።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ተጫዋች አያስተውለውም። ከእጅ ወደ አእምሮ የሚሄደው የስሜት መልእክት የሚፈጅበት ጊዜ ኳሱ ከቆዳው ከሚለይበት ጊዜ እጅግ የበለጠ ነው። ስለዚህ እጃችን ምቱን «በሰማ» ጊዜ ኳሱ ሄዷል። ስሜቱ ያንን ምት ሊያርመው አይችልም፤ የሚጠቅመው ለሚቀጥለው ምት ነው። ተጫዋች ሺሕ ጊዜ እየመታ የሚማረው እጁ በየምቱ መጨረሻ ከሚነግረው ወሬ ነው፤ እንዲህ ስመታ እንዲህ ተሰማኝ፥ ኳሱም እዚያ ደረሰ እያለ ያስተያያል። መጋጠሚያው በላላ ጊዜ ግን ዛሬ አንድ ዐይነት፥ ነገ ሌላ ዐይነት ወሬ ይመጣል፤ ተማሪውም መምህሩን ማመን ይተዋል።

እውነቱን ለመናገር መጋጠሚያው በራሱ ኳሱን ከመንገዱ ብዙም አያስተውም። ኳስ በጐኑ ሲመታ ከታለመለት መሥመር የሚያፈነግጠው፥ በይበልጥ በቆዳው ጫፍ በኩል ባለው በአንድ ስንዝር ያህል የዱላው ክፍል ክብደት ምክንያት ነው፤ መጋጠሚያው ግን ከዚያ በብዙ ይርቃል። ጠማማ ሆኖ የተጋጠመ ዱላ ግን ማነጣጠርን ያበላሻል፤ የላላውም የተጫዋቹን ልብ ያናውጣል። ልቡ የተናወጠ ሰው ደግሞ እጁን ስለማያምን ምቱን ይጐትታል ወይም ይገፋል። በዚህ መንገድ የመጋጠሚያው ነውር በተጫዋቹ በኩል ዞሮ ወደ ኳሱ ይደርሳል።

ለመሆኑ ይህ ለአገራችን ሰው አዲስ ትምህርት ነውን? አይደለም። ገበሬው ሞፈሩንና እርፉን፥ ድግሩንና ማረሻውን ገጣጥሞ ሲያርስ ወገሉ የላላ እንደ ሆነ፥ ጐንበስ ብሎ ሳያይ አስቀድሞ በእርፉ በኩል በመዳፉ ይሰማዋል። በሬዎቹን አቁሞ ያጠብቀዋል እንጂ በሬዎቹን አይገርፍም። እንጨት ፈላጭም እንዲሁ የመጥረቢያው እጀታ የላላ እንደ ሆነ ከድምፁ ያውቃል። እነዚህ ሁሉ የጋራ ሕግ አላቸው፤ መሣሪያ ከብዙ ክፍል የተገጣጠመ እንደ ሆነ፥ እጅ የሚያነበው እያንዳንዱን ክፍል ሳይሆን የክፍሎቹን ስምምነት ነው።

ሽማግሌውም ይህንኑ በሌላ ምሳሌ አስረዱኝ። «አንዳንድ ሰው» አሉ፥ «እጀታው የላላበትን መጥረቢያ ሌሊቱን በውኃ ነክሮ ያሳድረዋል። ጧት አብጦ ይጠብቅለታል፤ ደስም ይለዋል። ነገር ግን እንጨቱ በብረቱ ቀዳዳ ውስጥ ሲያብጥ የሚሄድበት ስላጣ ራሱን ይጨፈልቃል። በደረቀ ጊዜ ከቀድሞው ይልቅ ይላላል። የሚሻለው ደረቅ እንጨት አስተካክሎ ጠርቦ ሽብልቅ መምታት ነው።» ቀጥለውም፥ «አንተም ይህን ዱላ ሲንዘረዘር ባየህ ጊዜ በኀይል ብታጠብቀው ኖሮ የብሎኑን ጥርስ ትጨርሰው ነበር» አሉኝ። በእርግጥም ሁለት ጊዜ ያህል በኀይል አጥብቄው ነበርና አንገቴን ደፋሁ።

የእንጨትን ጠባይ ማወቅ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። እንጨት ከተቈረጠና ከተጠረበ በኋላም ቢሆን እንደ አየሩ ሁኔታ እርጥበት ይጠጣል፥ ይመልሳልም። ሲጠጣ በቁመቱ የሚጨምረው ከቁጥር የማይገባ ነው፤ በወርዱ ግን ያብጣል። በወርዱም ቢሆን በሁሉም ወገን እኩል አያብጥም፤ ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ካለው አቅጣጫ ይልቅ የዕድሜውን ክበብ በሚከተለው አቅጣጫ ይበልጥ ስለሚያብጥ፥ ክብ የነበረ ቀዳዳ ጥቂት ሞላላ ይሆናል። ብረትና ነሐስ ደግሞ በእርጥበት አያብጡም። ስለዚህ እንጨትና ብረት በተጋጠሙበት ስፍራ ሁሉ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው ቆሞ ይጠብቀዋል። የዱላው ጐን በቫርኒሽ ስለ ተሸፈነ እርጥበት ቶሎ አይገባበትም፤ የመጋጠሚያው ፊት ግን የእንጨቱ የተቈረጠ ራስ ነው፤ በዚያም በኩል እንጨት ከሁሉ ይልቅ ፈጥኖ ይጠጣል። ክዳን የተበጀለትም ስለዚህ ነው። እንግዲህ ገበሬው ዝናብን በዓመት ሁለት ጊዜ ጠብቆ ሁለት ጊዜ በሚዘራበት በባሌ ደጋ፥ ከቈላውም ወደ ደጋው በግማሽ ቀን በሚወጣበት አገር፥ ክዳን የሌለው መጋጠሚያ ምን ያህል ሊፈተን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

በዚያን ቀን ከእኛ ጋር የነበረ አንድ ባልደረባዬ፥ «ታዲያ ይህን የባሕር ማዶ እንጨት ትተን ከሃረና ቀጥ ያለ ወይራ ለምን አናስቈርጥም?» ብሎ ነበር። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እርጥብ ዛፍ ዱላ አይሆንም፤ ተጠርቦ ሲደርቅ ይጠማዘዛል። ዱላ የሚሆን እንጨት ተሰንጥቆ፥ በጥላ ሥር ተደርድሮ፥ በትዕግሥት ከርሞ ነው» አሉ። እኔም እጨምራለሁ፤ የሃረና ደን ለአንድ ምሽት ጨዋታ የሚደፈር ሀብት አይደለም። በውስጡ የሚገኝበት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የተራራውን ውኃ የሚጠብቀውም፥ ለንቡና ለዱር ቡናው ጥላ የሚሆነውም ይኸው ደን ነው።

ሽማግሌው ዱላዬን ያዳኑበት ሥራ ቀላልና ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበረ። ፍርፋሪውን በእንጨት ስንጥር ነቅሰው አወጡ፤ በብረት አልነኩትም። ብሎኑን በደረቅ ጨርቅ አጸዱት። ያበጠውን ከንፈር ግን ወዲያው አልቈረጡትም፤ «አሁን ብቈርጠው ሲደርቅ ይጐድላል» ብለው ለአንድ ሳምንት ከእሳትም ከዝናብም በራቀ ክፍል ውስጥ አጋድመው አሳደሩት። ከሳምንት በኋላ እብጠቱ አብዛኛው በራሱ ተመልሶ ተገኘ። የቀረውን በቶርኖው ላይ አስረው፥ ከፀጉር በማይበልጥ መጠን አስተካከሉት። እንደ ገና አራቱን የሲጋራ ወረቀት አስገብተው ቢስቡ አራቱም ተነክሰው ቀሩ። ዱላውን አቁመው ጐማ የለበሰውን ታችኛውን ጫፍ በወለሉ ላይ ቀስ አድርገው መታ መታ አደረጉት፤ ድምፁ አንድና ጥርት ያለ ሆነ።

የራሳችሁ ዱላ ያላችሁ አንባብያን፥ ከዚህ የምትወስዱት ምክር ይህ ነው። ዱላችሁን ከመግጠማችሁ በፊት ሁለቱንም ፊቶች በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ስትገጥሙት በሁለት ጣት ኀይል ይዙር፤ መጨረሻ ላይ ጥቂት ብቻ ጠበቅ አድርጉት። መጋጠሚያውን ወደ ብርሃን አቅንታችሁ ተመልከቱ፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ ሳትመቱበት ፍቱት። የሚንዘረዘር ድምፅ ስትሰሙ መጋጠሚያውን ብቻ አትጠርጥሩ፤ የቆዳው ጫፍ ኮላው ለቆ እንደ ሆነ፥ ከቆዳው ሥር ያለው ቀለበት ተሰንጥቆ እንደ ሆነ፥ በኋላው ክፍል ውስጥ ለክብደት የገባው ብሎን ላልቶ እንደ ሆነ በየተራ መርምሩ። ጨዋታው ሲያልቅ ዱላውን ፍቱና ክዳኑን ግጠሙለት፤ በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ፥ ከከሰል ምድጃ አጠገብም አታኑሩት። የመጋጠሚያውን ፊት በሞረድም ሆነ በብርጭቆ ወረቀት በገዛ እጃችሁ አትፈግፍጉ፤ አንድ ጊዜ ጠሞ የተፈገፈገ ፊት ያለ ቶርኖ አይቃናም።

ዱላ ለመግዛት የምታስቡም ብትኖሩ፥ የመጋጠሚያውን ስም ሰምታችሁ ብቻ ደመወዛችሁን አትስጡ። አንዱ መጋጠሚያ የማይዝግ ብረት ቀለበት አለው፤ ይህ ክብደቱን ወደ ፊት ያመጣዋል፥ ድምፁንም ያሰላዋል። ሌላው እንጨት ከእንጨት ጋር የሚነካካበት ነው፤ ስሜቱ ለስለስ ይላል። አንዱ ፊቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ሌላው እንደ ምላስ ወጣ ያለ ክፍል ኖሮት ወደ ጓደኛው ጕድጓድ ይገባል። ይህ ሁሉ የምርጫና የልማድ ጕዳይ ነው። በሚገባ የተገጠመ ተራ መጋጠሚያ ግን በክፉ ከተገጠመ ውድ መጋጠሚያ ይበልጣል። የሲጋራ ወረቀት ዋጋው ትንሽ ነው፤ ከሻጩ አንደበት ይልቅ እርሱን እመኑ።

አሁን የታሪኩን ፍጻሜ ልንገራችሁና ልሰናበት። ከሮቤ በተመለስሁበት በዚያው ቀን ምሽት፥ ዱላው ገና ሳይዳን፥ ወደ ፑል ቤቱ ሄድሁ። ወንጀሉን በሰው ፊት ተናግሬ ስለ ነበረ ይቅርታውንም በሰው ፊት መናገር ይገባኝ ነበር። ለባለቤቱና እዚያ ለነበሩት ሁሉ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አስረዳሁ፤ ወጣቱንም ከቤቱ ድረስ ሄደን ጠራነው። ወደ ሥራው ተመለሰ። «ምንም አይደል፥ ጋሼ» አለኝ፤ ፊቱም አልተቈጣም ነበር። ነገር ግን ከዚያ በኋላ በጎባ በቆየሁባቸው ወራት ሁሉ፥ «ዱላዎን ልያዝልዎ» ብሎኝ አያውቅም። እኔም እንዲይዝልኝ ልጠይቀው አልደፈርሁም። ማታ ማታ ዱላዬን በብብቴ ይዤ በብርድ ወደ ማደሪያዬ ስመለስ ነገሩ ትዝ ይለኝ ነበር።

ክቡራን አንባብያን፤ እጄ ያን ምሽት አልዋሸም። አንድ ነገር መበላሸቱን በትክክል ነግሮኛል። ማን እንዳበላሸው ግን አልነገረኝም፤ ያንን የጨመርሁት እኔ ነኝ። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በየቀኑ በጠረጴዛችን ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይቀርብልናል፤ አንድ ሥራ አልሄድ ይላል፥ አንድ ሒሳብ አልገጥም ይላል፥ ልባችንም «እዚህ አንድ ነገር አለ» ይለናል። ልባችን ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ነገር ግን እጅም ሆነ ልብ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። ስለዚህ ጣታችንን ወደ ሰው ከመቀሰራችን በፊት ሁለቱ ነገሮች የሚገናኙበትን ስፍራ ፈትተን እንይ፤ ወረቀቷን በአራቱም ማዕዘን እናስገባ። ከዚያ በኋላ ብንናገር አናፍርም።

በደኅና ያገናኘን።